አቀበቱን ይወጣሉ?

መስከረም 21 ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ የእመቤታችን በዓል ሲነግሥ፣ ከአምባሰልና ከሐይቅ፣ ከደሴ፣ ከዚያም አልፎ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር የመጣው ምእመን የመስቀል ቅርጽ ወዳለው አምባ ሲተም ይውላል። አብዛኛው በእግሩ ነው። በምርኩዝ የሚወጣ አለ፤ በቅሎ ላይ የተቀመጠ አለ፤ ልጆቹ የተሸከሙት በሽተኛም አይጠፋም። ከአንድ ቀዬ የመጡ ሰዎች እርስ በርስ የሚተያዩት በዚህ አቀበት ላይ ነው። "አምና ያለ ዕረፍት ወጥቶ ነበር፤ ዘንድሮ ሦስቴ ተቀመጠ" ከተባለ፣ ስለዚያ ሰው ጤና ብዙ ተነገረ ማለት ነው።

አገር ቤት በሽታ የሚለካው እንዲህ ነው። ሰውየው ምን አቃተው? ለቅሶ መድረስ ተወ? ገበያ መውረድ ሰለቸው? ሴትዮዋስ እንስራ ማዘል፣ ምጣድ መጣድ፣ ልጅ ማቀፍ ከበዳት? ቴርሞሜትርና የደም ምርመራ የማይነግሩትን ይህን ነገር ሐኪም ቤትም ይፈልገዋል። እሱ የሚይዘው ግን በጥያቄ ዝርዝርና በነጥብ ነው። የሕክምናና የተሐድሶ መለኪያዎች፣ ወይም በተለምዶ መጠይቅ የሚባሉት ወረቀቶች፣ ዛሬ በሽተኛውን ያየችው ነርስና ከወር በኋላ የሚያየው ሐኪም ያዩትን በአንድ ልክ እንዲነጋገሩበት የተሠሩ ናቸው። "ደህና ነው"፣ "ትንሽ ተሽሎታል" የሚሉት ቃላት እንደ ተናጋሪው ናቸውና።

ሁሉም መለኪያ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። በጤና ተቋም የተወለደ ልጅ ገና ስም ሳይወጣለት ነጥብ ይወጣለታል። ይህን ያመጣችው ቨርጂኒያ አፕጋር የተባለች የኒውዮርክ የማደንዘዣ ሐኪም ናት፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1952። ልጁ በተወለደ በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ የልብ ምቱ፣ ትንፋሹ፣ የጡንቻው ብርታት፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽና የቆዳው ቀለም ይታያሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ሙሉው 10 ነው። "የቆዳ ቀለም" የሚለው መስፈርት ለፈረንጅ ልጅ የተመቸ ነበር። የእኛ አዋላጆች የሚያዩት ከንፈሩን፣ መዳፉንና ውስጥ እግሩን ነው። መለኪያ አገር ሲለውጥ የሚያስፈልገው ማስተካከያ አንዳንዴ ይህን ያህል ቀላል ነው።

የግላስጎው የኮማ መለኪያም (በምኅፃሩ ጂሲኤስ) የዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ቲስዴልና ጄኔት የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪሞች ያወጡት ሲሆን፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ዓይኑን ሲገልጥ፣ ሲናገርና ሲንቀሳቀስ ታይቶ ከ3 እስከ 15 ይሰጠዋል። ዜሮ የለውም፤ ምንም የማይመልስ ሰውም 3 ያገኛል። የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚልክ ባለሙያ በወረቀቱ ላይ "ጂሲኤስ 9" ብሎ ከጻፈ፣ ተቀባዩ ሐኪም በሽተኛው በመንገድ ላይ ባሰበት ወይስ ተሻለው የሚለውን ሲደርስ ያውቀዋል።

ችግሩ የሚጀምረው መለኪያው ከሰውነት አልፎ ወደ ኑሮ ሲገባ ነው።

ከስትሮክ ወይም ከአደጋ በኋላ አንድ ሰው ምን ያህል ራሱን እንደቻለ ለማወቅ በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ የባርቴል ነው። ሐኪሟ ፍሎረንስ ማሆኒና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዶሮቲያ ባርቴል እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካዋ ሜሪላንድ አሳተሙት። መብላት፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገር፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እያለ አሥር ተግባራትን ይቆጥራል፤ ሙሉ ነጥቡ 100 ነው። በሜዳ ላይ 45 ሜትር ያህል ያለ ሰው ድጋፍ የሄደ 15 ያገኛል። ደረጃ ብቻውን የወጣ 10፣ በሰው እርዳታ የወጣ 5፣ ያልቻለ 0።

ይህን ወረቀት ይዞ አንድ የአምባሰል ገበሬ ፊት የቆመ ባለሙያ ምን ይሞላ? የገበሬው ቤት ደረጃ የለውም፤ ከደጁ ወደ ወንዝ የሚያወርደው መንገድ ግን ገደል ነው። መጸዳጃው የሚቀመጡበት ሳይሆን ቁጢጥ የሚሉበት ነው። መኝታው መደብ ወይም መሬት ላይ የተነጠፈ ቁርበት ከሆነ፣ ከዚያ መነሣት ከሆስፒታል አልጋ እንደ መውረድ አይቀልም። በዎርድ ኮሪደር ላይ 100 ከ100 ያገኘ ሰው ሰፈሩ ሲደርስ ከግቢው መውጣት ሊያቅተው ይችላል። መለኪያውን መውቀስ አይገባም፤ የተሠራው ሆስፒታል ለተኛ ሰው ነው። ወቀሳው ነጥቡን መዝግቦ "ድኗል" ብሎ ለሚያሰናብተው ነው። በደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር አሠርቶ ወደ ተራራ የሚመለስ ሰው ላይ ቁም ነገሩ በኅዳግ የሚጻፈው ነው፦ ውኃው ከቤቱ በላይ ነው ወይስ በታች? ማሳው ድንጋያማ ነው? ገበያ ለመድረስ ስንት አቀበት አለ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መመሪያውን ያወጣለት ሁዳስ 2.0 የተባለው መጠይቅ ከዚህ ይሰፋል። ባለ 36 ጥያቄው ቅጂ ያለፉትን 30 ቀናት ይዞ ከመግባባትና ከመንቀሳቀስ አንሥቶ በማኅበራዊ ኑሮ እስከ መሳተፍ ይጠይቃል። ግን እሱም "እንደ አንድ ኪሎ ሜትር ያለ ረጅም መንገድ መሄድ" ምን ያህል እንዳስቸገረ ሲጠይቅ፣ ለግሸን ተሳላሚ ፈገግ ያሰኛል። ወሎዬ አንድ ኪሎ ሜትርን ረጅም መንገድ አይለውም።

ለዚህ አካባቢ ኑሮ የቀረቡት መጠይቆች የተገኙት ብዙዎች ከረሱት በሽታ በኩል ነው፤ ከሥጋ ደዌ። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የቆየ ስም አለው። በሽታው ነርቭን ስለሚያጠቃ፣ ባክቴሪያውን መድኃኒት ከገደለው በኋላም የደነዘዘው እጅና እግር ከሰውየው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ምርመራው በላቦራቶሪ አያበቃም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ።

"አባቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት፣ የነካሁበትን ቦታ በሌላው ጣትዎ ያሳዩኝ።"

ነርሷ በእስክሪብቶ ጫፍ አውራ ጣታቸው ሥር ነካ ታደርጋለች፤ ወዲያው ያሳያሉ። ትንሿ ጣት ጋ ስትደርስ እጃቸው አይንቀሳቀስም። "ንኪኝ እንጂ ልጄ" ይላሉ። ነክታቸዋለች።

ቀጥላ ዓይናቸውን አጥብቀው እንዲከድኑ፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ እንዲያቆሙ፣ እግራቸውን ወደ ላይ እንዲቀለብሱ ታደርግና በጣቷ ተጭና ጉልበታቸውን ትመዝናለች፦ ጠንካራ፣ ደካማ ወይም ሽባ። መጨረሻ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ደረጃ ይጻፋል። የደነዘዘም የተበላሸም ከሌለ 0፤ መደንዘዝ ኖሮ በዓይን የሚታይ ጉዳት ከሌለ 1፤ ጉዳቱ በዓይን ከታየ 2። ደረጃ 1 ላይ የተያዘ ሰው ቁስል ሳያወጣ፣ ጣት ሳይቆረጥበት ሊጠበቅ ይችላል። በዓይን የማይታየውን ጉዳት ቀድሞ የሚያሳየው ተራ እስክሪብቶ መሆኑ ለዚህ ጸሐፊ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ ያስደንቀዋል።

ከዚህ በኋላ ኑሮው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ሳልሳ የተባለው መለኪያ 20 ጥያቄ አለው። በባዶ እግርዎ ይሄዳሉ? ወጣ ገባ መሬት ላይስ? ትኩስ ነገር የያዘ ጽዋ ይይዛሉ? ያበስላሉ? መርፌ ክር ያስገባሉ? ሳንቲም ያነሣሉ? ብልሃቱ መልሶቹ ላይ ነው። "አልችልም" እና "እንዳይጎዳኝ ብዬ ትቼዋለሁ" ለየብቻ ይመዘገባሉ። ትኩስ ድስት በጨርቅ የምታወርድ ሴት ድክመቷ ሳይሆን ጥንቃቄዋ ታይቷል ማለት ነው። በደነዘዘ ጣት እሳት መንካት ምን እንደሚያስከትል ለሚያውቅ፣ ይህ ልዩነት ከነጥቡ ድምር ይበልጣል።

የተሳትፎ መለኪያ የሚባለው ባለ 18 ጥያቄ ወረቀት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። የሚጠይቀው ስለ እጅና እግር ሳይሆን ስለ ሰው ነው። "እንደ እኩዮችዎ ሥራ ያገኛሉ? እንደ እኩዮችዎ ከመንደር ወጥተው ገበያ ይሄዳሉ? ሠርግ፣ ቀብርና የሃይማኖት በዓል ላይ እንደ እኩዮችዎ ይገኛሉ?" ማነጻጸሪያው ጤነኛ ፈረንጅ ወይም የከተማ ሰው ሳይሆን፣ ከበሽታው በቀር በሁሉም ነገር እሱን የሚመስል ጎረቤት ነው። የማይሳተፍ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ምን ያህል ችግር እንደሆነበት ይጠየቃል፦ ችግር ካልሆነ 1፣ ትንሽ ከሆነ 2፣ መካከለኛ 3፣ ትልቅ 5። ድምሩ ከ12 ካለፈ ሰውየው ከማኅበራዊ ኑሮ እየተገፋ ነው ተብሎ ይያዛል። ግሸን መውጣት የተወ ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደከበደው በዚህ ወረቀት ይታያል።

የአእምሮ ጤና መጠይቆች ነገር ከዚህ ሁሉ ይጠልቃል፤ የሚነካ መዳፍ የለምና። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ሀብታም አገር ናት ማለት ይቻላል፤ ሀብቱም ያለው ቡታጅራና አካባቢዋ ነው። በዚያ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ዞረዋል፤ ከባድ የአእምሮ ሕመምን ለማጥናት በተደረገው አንድ ቆጠራ ብቻ 68,378 ሰው ተዳርሷል።

ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከአሜሪካ የወጣ ነው። ዘጠኝ ጥያቄ፣ ያለፉት ሁለት ሳምንታት፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፤ ሙሉው 27። በትውልድ አገሩ 10 ያገኘ ሰው ድብርት ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ጥናትም 10ን ተስማሚ ሆኖ አገኘው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የተሠራው ጥናት ግን ለገጠሩ የሚሻለው 5 መሆኑን አሳየ። ወረቀቱ ያው፣ አማርኛው ያው፣ ልኩ ግን በግማሽ ወረደ። በ10 የሚሠራ የገጠር ጤና ጣቢያ በር ላይ ብዙ ሕመምተኛ "ምንም የለብህም" ተብሎ ይመለሳል ማለት ነው።

የኤዲንብራው የአራስ እናቶች የድብርት መጠይቅም እንዲሁ ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ ደህና ሠራ፤ ቡታጅራ ገጠር ላይ ደከመ። እዚያ የተሻለው "አዎ" ወይም "የለም" ብቻ የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ ወረቀት ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ከመዋስ አልፈው የራሳቸውን ሠሩ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ኑሮውን እንዴት እንደሚገፋ በገጠሩ ሰው አኗኗር የሚመዝን፣ የቡታጅራን ስም የያዘ መለኪያ።

ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ሐይቅም ደሴም እንዲህ ያለ ወረቀት አስፈልጓቸዋል። ያየው ነገር በሕልሙ የሚመለስበትን፣ ድምፅ ሲሰማ የሚበረግገውን ሰው ለመለየት የሚሠራበት ፒሲኤል-5 የተባለው መጠይቅ 20 ጥያቄ አለው፤ ሙሉው 80 ነው። ሁሉም ግን በጠያቂው ይወሰናል። ጎረቤት ተሰብስቦ በሚሰማበት ደጅ፣ ወይም ጠያቂው ስንዴ ሊያድል የመጣ በሚመስልበት ቀን የተሞላ መጠይቅ ምን እንደሚያሳይ መገመት አይከብድም።

ጥሩ ጠያቂ ደግሞ አገሩን ያውቃል። "ባለፉት ሁለት ሳምንታት" የሚለውን "ከሁለት ገበያ ወዲህ" ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይጠራል። ጋዜጣ ማንበብ ወይም ቴሌቪዥን ማየት አቅቶዎታል ወይ የሚለውን የፒኤችኪው-9 ጥያቄ እናቲቱ ጥጥ ሲፈትሉ ሐሳባቸው ይበተን እንደሆነ በመጠየቅ ይተካዋል። የምግብ ፍላጎትን በፍልሰታ ወይም በረመዳን የሚጠይቅ፣ እንቅልፍን በማኅሌት ማግሥት የሚጠይቅ ሰው ጾሙንና ሌሊቱን ከሕመሙ መለየት አለበት። ዘጠነኛው ጥያቄ፣ ስለ ሞት ማሰብን የሚመለከተው፣ ከ0 ሌላ መልስ ካገኘ ግን ድምሩ ምንም ይሁን ምን ወዲያው ሌላ ውይይት ይከፈታል፤ ቤት ማን አለ፣ ያሰበበት መንገድ አለ ወይ የሚል።

ለበሽተኛው የሚጠቅም አንድ ጉዳይ ይቀራል። ነጥብ አንዴ ሲጻፍ ብዙም አይናገርም፤ በየቀጠሮው ሲደጋገም ነው መድኃኒቱ ወይም ምክሩ መሥራቱ የሚታየው። በፒኤችኪው-9 የ5 ነጥብ መቀነስ እንደ እውነተኛ መሻሻል ይቆጠራል። 18 ይዞ የገባ ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ 16 ከሆነ መድኃኒቱን እንደገና ማየት ያሻል። ይህ የሚቻለው ግን የመጀመሪያው ቁጥር ካርዱ ላይ ካለ ነው። ወደ ሐኪም ሲቀርቡ "ባለፈው ስንት ነበርኩ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።