ስንት መብራት ቢፈተን ይበቃል?

«አምስት መብራት ሺህ ሰዓት አበራን፤ አንድም አልጠፋም» የሚል ወረቀት ይዘው የሚመጡ አቅራቢዎች አሉ። ሥራዬ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚገዙ የሶላር መብራቶችን መፈተሽ ነው። በዚያ መብራት ሌሊት እናቶች ይወልዳሉና ወረቀቱን አይቼ ዝም ማለት አልችልም።

አምስቱም መቆየታቸው ደስ ይላል፤ ማስረጃነቱ ግን ስስ ነው። ከጭነቱ ሺህ ሰዓት የሚዘልቀው 63 በመቶው ብቻ ነው እንበል። 0.63 አምስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 0.1 ገደማ ይሆናል። ከሲሶ በላይ የሚበላሽ ጭነት እንኳ ይህን ፈተና ከአሥር አንዴ ያህል ያልፋል ማለት ነው። ቢያንስ 90 በመቶው እንደሚዘልቅ በ90 በመቶ መተማመን ለመናገር 22 መብራት ተፈትኖ አንድም መጥፋት የለበትም። 99 በመቶው ከተባለ ቁጥሩ 230 ይደርሳል።

ናሙናውን አቅራቢው ራሱ መርጦ ካመጣው ግን ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ የለውም። እኔ መጋዘን ገብቼ ለካርቶኖቹ ቁጥር ሰጥቼ እጣ አወጣለሁ። ከሥር ያለው ካርቶን ሲወጣ ከላዩ የተደረደረው ሁሉ ይወርዳል። ጫኝና አውራጆቹ ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ከዚያ የጊዜ ጣጣ ይመጣል። በዚህ ላይ ቤንጃሚን ኤፕስታይንና ሚልተን ሶቤል እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙትን ጥናት ሁልጊዜ አደንቃለሁ። አማካይ ዕድሜው 1,000 ሰዓት የሆነ ዕቃ እንውሰድ። አሥር አብርተን አሥሩም እስኪጠፉ ብንጠብቅ በአማካይ 2,929 ሰዓት፣ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። ሃያ አብርተን አሥረኛው ሲጠፋ ብናቆም ግን 669 ሰዓት፣ 28 ቀን ያህል ይበቃል። የአማካዩ ግምት ትክክለኛነት በሁለቱም እኩል ነው! ሳይጠፉ የቀሩትም የበሩበት ሰዓት ይደመራል፤ ጠቅላላው ሰዓት ለጠፉት ቁጥር ሲካፈል አማካይ ዕድሜውን ይሰጣል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ኤች 108 የተባለ መመሪያ ሠንጠረዦች የተሠሩት በዚሁ መሠረት ነው።

ይህ የሚሠራው ግን አሮጌውም አዲሱም እኩል የመበላሸት ዕድል ካላቸው ነው። ባትሪ እንዲህ አይደለም፤ እያደር ይደክማል። ሺህ ባትሪ ለአንድ ሰዓት ብንፈትን ሺኛው ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን አናውቅም። ለእንዲህ ያለው ስዊድናዊው መሐንዲስ ዋሎዲ ዋይቡል እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀው ቀመር ይሻላል፤ ፈተናውም ረዘም ማለት አለበት።

አጥብቄ የምከራከረው ውሉ ሲጻፍ ነው። ስንት እንደሚፈተን፣ ስንት ሰዓት እንደሚበራና ስንት ቢጠፋ ጭነቱ እንደሚመለስ ከፈተናው በፊት ይጻፍ። አንዱ ከጠፋ በኋላ «ሌላ እንጨምርና እንሞክር» ማለት አይቻልም። አንድ ብልሽት ይፈቀድ ከተባለ ከመጀመሪያው በ22 ፈንታ 38 ይፈተን። ይህ ለሐቀኛው አቅራቢም ይበጀዋል፤ 95 በመቶው ደህና የሆነ ጭነት በ22ቱ ፈተና የማለፍ ዕድሉ 32 በመቶ ሲሆን፣ በ38ቱ ወደ 43 ከፍ ይላል።