ተረትና እውነታ፦ «የማውቀው ሰው ነው የላከልኝ»

በቤተሰብ ግሩፕ የሚዞር ወሬ መልኩ ይታወቃል። «እንደደረሰኝ» ብሎ ይጀምራል፤ መሃል ላይ ስሙ የማይጠራ ሐኪም ወይም «ውስጥ አዋቂ» ይገባበታል፤ ሲያበቃ «ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ» ይላል። ቀንና ቦታ የለውም። ያም ሆኖ ይታመናል። ለምን እንደሚታመን ስንጠየቅ የምንሰጣቸው መልሶች አብዛኞቹ ሲመረመሩ አይቆሙም።

«የማውቀው ሰው ነው የላከልኝ፤ እሱ ደግሞ አይዋሽም»

ላኪው አለመዋሸቱ እውነት ነው። ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። አክስታችን የላኩልን መልእክት የአክስታችን አይደለም፤ ለእሳቸው የላከችው ጎረቤታቸው ናት፣ ለጎረቤታቸው ዱባይ የምትሠራው ልጇ፣ ለልጅቷ ደግሞ ባለቤቱን የማታውቀው ቻናል። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ይረሳል፣ የመጨረሻው ላኪ ፊት ብቻ ይቀራል። እኛም የምንመዝነው ወሬውን ሳይሆን አክስታችንን ነው።

አደባባይ ላይ የተለጠፈ ሐሰት ሲሆን ቢያንስ አንድ የማያውቀን ሰው መጥቶ «ይሄ ውሸት ነው» ሊለን ይችላል። በቤተሰብ ግሩፕ ግን ይሉኝታ አለ። ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ስለሆነ የጠረጠረው ዝም ይላል፣ ሌላው «እግዚአብሔር ይጠብቀን» ብሎ ያልፋል፣ ሦስተኛው ዝምታውን እንደ ምስክር ቆጥሮ ወደ ሥራ ቦታው ግሩፕ ይልከዋል።

«በዓይኔ አየሁት፤ ቪዲዮ አይዋሽም»

ልጆች መንገድ ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። ሁለት ሰዎች በሞተር ሳይክል ይመጡና አንዱን ልጅ አፈፍ አድርገው ይፈተለካሉ። ይህ ቪዲዮ እ.ኤ.አ. በ2018 «ሕፃናት የሚሰርቁ ሰዎች ወደ አካባቢያችን ገብተዋል» ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር በሕንድ ዋትስአፕ ላይ ተሰራጨ። የተቀረጸው ግን ፓኪስታን፣ ካራቺ ከተማ ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲጠብቁ ለማስተማር የተሠራ አጭር ፊልም ነው። በሙሉው ፊልም ሞተረኞቹ ተመልሰው ልጁን ያወርዱታል፤ በካራቺ ጎዳና ልጅ ለመስረቅ አፍታ እንደሚበቃ የሚናገር ጽሑፍም ዘርግተው ያሳያሉ። ሕንድ የዞረው ቅጂ ይህ መጨረሻው ተቆርጧል። ማንም በኮምፒውተር የፈበረከው ምስል የለም። ጥቂት ሰከንድ መቀነስ በቂ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ጁላይ 1 ቀን 2018፣ በማሃራሽትራ ግዛት ራይንፓዳ በምትባል መንደር ገበያ ቆሞ ነበር። እየዞሩ በልመና የሚተዳደሩ አምስት መንገደኞች ገበያው ላይ ሳሉ አንደኛው አንዲት ትንሽ ልጅ አነጋገረ ተባለ። የልጅ ሌባ ወሬ ሲያስፈራው የሰነበተ ሕዝብ ከበባቸው፤ ወደ መንደሩ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት አስገብቶ አምስቱንም ደብድቦ ገደላቸው። በዚያ ዓመት ሕንድ ውስጥ በዚሁ ዓይነት ወሬ የተገደሉት ከ20 በላይ ናቸው።

«ውሸት ቢሆን ኩባንያው ያጠፋው ነበር»

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዋትስአፕ መልእክትን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ቆልፎ ነው የሚያስተላልፈው፤ ኩባንያው ራሱ አያነበውም። ያላነበበውን ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ሊል አይችልም። (ቴሌግራምም ሁሉን ነገር እንዲሁ ይቆልፋል የሚሉ ብዙ ናቸው። አይደለም፤ ከመልእክቶቹ እንዲህ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ቻት» የተባለው ብቻ ነው። ግሩፕና ቻናል በዚህ አይጠበቁም።)

ኩባንያው ማድረግ የቻለው የሰውን ጣት ማዘግየት ነው። ከ2019 መጀመሪያ አንስቶ በዓለም ዙሪያ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይተላለፍ ገደበ፤ በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ ያለፈው መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ቦታ ብቻ እንዲሄድ አደረገ። ከዚያ በኋላ የእንዲህ ያሉ መልእክቶች ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። «የሚያሰራጩት ሮቦቶች ናቸው» ለሚሉን ይህ ቁጥር ይበቃል ባይ ነኝ። ገደቡ ግን ቀዳዳ አለው፤ ስክሪንሾት ወይም ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ብዙ እጅ ማለፉን የሚናገረው ባለ ሁለት ቀስት ምልክት አይከተለውም። አምስት ቦታም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ አንድ የዋትስአፕ ግሩፕ እስከ 1,024 ሰው ይይዛል።

«እውነት ባይሆንም ለጥንቃቄ ብልከው ማንን ይጎዳል?»

ከሁሉ ይልቅ ክፉው ይህ ነው፤ ደግነት ስለሚመስል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ናይጄሪያ በገባ ሰሞን፣ ሳይነጋ በሞቀ ውኃ ጨው በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ታጠቡበትም፣ የሚል መልእክት በአንድ ሌሊት አገር አዳረሰ። እናቶች ልጆቻቸውን ቀስቅሰው አጠጡ። ጨው ኢቦላን አይከላከልም፤ ሲበዛ ግን፣ በተለይ የደም ግፊት ላለበት ሰው፣ አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ማስጠንቀቂያ ጨው ጠጥተው ቢያንስ 2 ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል።

እኛ ዘንድ መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ይፋ ሲደረግ በሽታውን ይከላከላሉ በሚል ወሬ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ። ነጭ ሽንኩርት መብላት እንደ ጨዉ አልገደለም። ኪሱን የጎዳው ግን ብዙ ነው፤ «በልቻለሁ» ብሎ ተማምኖ ሰው መሃል የገባም አይጠፋም።

«ቢሳሳትም በኋላ ይታረማል»

እርማቱ ወሬው በሄደበት መንገድ አይሄድም። ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ትሪፑራ ግዛት፣ በጁን 2018 መጨረሻ የመንግሥት ማስታወቂያ ቢሮ የልጅ ሌባ ወሬው ሐሰት መሆኑን በድምፅ ማጉያ በየመንደሩ እየዞረ እንዲናገር አንድ ወጣት ቀጠረ። መንደርተኛው ራሱን ወጣቱን የልጅ ሌባ ነው ብሎ ገደለው። ለሰዎቹ ወሬውን ያመጣላቸው ወዳጅ ዘመድ ነው፤ እርማቱን ያመጣው ባዕድ ነበር።

ስለዚህ አክስትን በግሩፑ ላይ ማረም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ያፍራሉ ወይም ይቆጣሉ። በግል መጻፍ፣ ወይም ደውሎ «እትዬ፣ ያንን ቪዲዮ ማን ላከልዎት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከቪዲዮው አንድ ምስል ስክሪንሾት አንስቶ በጎግል ሌንስ መፈለግ ደቂቃ አይፈጅም፤ የድሮ ወይም የሌላ አገር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። የተገኘውን ለእሳቸው ልኮ «ግሩፑ ላይ እርስዎ ይንገሩልን» ማለት ነው። እኛ ከምንለጥፈው የእሳቸው ቃል ይሰማል፤ መጀመሪያም ወሬው የታመነው በእሳቸው ስለመጣ ነው።