ስለ ገበሬው ውሻ አመጋገብ፣ አስተዳደግና አያያዝ

በአገራችን ደጋም ሆነ ቈላ፣ ውሻ የማይጮኽበት የገበሬ ደጅ ጥቂት ነው። ጅብ ከበረት እንዳይገባ፣ ጃርት በቆሎውን እንዳይፈጀው፣ ዝንጀሮ ከማሽላው እንዲርቅ፣ ሌባም ደፍሮ አጥሩን እንዳይጥስ ሌሊቱን ሁሉ የሚጠብቀው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲሠራ ደመወዙ የገበታ ትራፊ ነው፤ ያውም ሲተርፍ። ለበሬው ጭድ፣ ለላሟ ፍሩሽካ፣ ለዶሮዋ ጥሬ የሚያስብ ገበሬ ስለ ውሻው ምግብ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይስቃል። ነገር ግን በአግባቡ ያልተያዘ ውሻ ጠባቂነቱ ቀርቶ በልጆቻችሁና በከብቶቻችሁ ላይ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። የልማት ሠራተኞችም ስለ በሬና ስለ በግ በምትመክሩበት ጊዜ በበሩ ላይ የታሰረውን ውሻ አልፋችሁ አትሂዱ።

ምግቡ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የተራበ ውሻ የበለጠ ይነቃል፣ የበለጠም ይናከሳል የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የተራበ ውሻ ደጁን ትቶ ጥንብ ወደ ተጣለበት፣ ከብት ወደሚታረድበት፣ ወደ ጎረቤትም ማጀት ይዞራል። ቤቱን የሚጠብቀው የጠገበው ነው።

ውሻ ሥጋ በል ቢሆንም እንጀራና ቂጣ እየበላ መኖር ይችላል። ሆኖም እህል ብቻውን አይበቃውም፤ ሰውነት የሚገነባ ምግብ ሊጨመርለት ይገባል። ይህ ጕድለት የሚጎላው በጾም ወራት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤተ ሰቡ ሥጋና ወተት ሲተው ውሻውም አብሮ ይጾማል፤ እሱ ግን ጾም አልያዘም። በዚህ ወቅት ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን አሬራ፣ አይቡም ከተነጠረ በኋላ የሚገኘውን አጓት በእንጀራው ላይ ብታፈሱለት ወጪ ሳይኖርባችሁ ጥሩ መኖ ይሆነዋል። ላም የሌለው ቤት ደግሞ ባቄላ ወይም አተር አብስሎ፣ አድቅቆ፣ ከፍትፍቱ ጋር ሊቀላቅልለት ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ቀይ ደሙን ያፈርሳሉ። በአንድ ቀን ባይጥሉትም ትንሽ ትንሽ ሆነው በየቀኑ ሲገቡ ጕዳታቸው እየተጠራቀመ ውሻው ይደክማል፤ ድዱም ይነጣል። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ስለዚህ ለውሻው የሚሆነውን ባቄላ ወይም ሥጋ ከቍሌቱ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለይታችሁ አስቀሩለት፤ ጨውና በርበሬም አያስፈልገውም።

የሻገተ እንጀራና የነቀዘ፣ የሻገተ እህል ወደ ውሻው መወርወርም የተለመደ ነው። ሻጋታ ጉበትን የሚገድል መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ለሰው የማይሆነው ለውሻም አይሆንም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እንደ መርፌ እየሾለ አንጀት ይወጋልና በበዓል ቀን ከልጆች እጅ ጠብቁት።

መጠኑን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። እጃችሁን በጎኑ ላይ አሳርፉ፤ የጎድን አጥንቱ በእጅ የሚዳሰስ፣ ከሩቅ ግን የማይቈጠር ከሆነ ደኅና ነው። ከሩቅ ከተቈጠረ ጨምሩለት። ቡችላ እስከ አራት ወሩ ድረስ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይብላ፤ ያደገ ውሻ ግን ጧትና ማታ ይበቃዋል። የምታጠባ ውሻ ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ ትበላለች፤ ይህን ያላገኘች እንደ ሆነ ቡችሎቿ ከስተው ያልቃሉ። ንጹሕ ውኃ በሰባራ ገንቦም ቢሆን ሁልጊዜ ይኑር።

ከእርድ በኋላ

በግ ወይም በሬ ሲያርድ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ያላየ ገበሬ ጥቂት ነው። አራጁ «ይህ ለሰው አይሆንም» ይልና ቈርጦ ለውሻው ይወረውራል። ለሰው አለመስጠቱ ልክ ነው፤ ለውሻው መወርወሩ ግን ከባድ ጥፋት ነው።

በዚያ ከረጢት ውስጥ የትንሽ ትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው ዘሩ በአንጀቱ ውስጥ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ትል ሆኖ በስድስትና በሰባት ሳምንት ገደማ ዕንቍላል መጣል ይጀምራል። ውሻው አይከሳም፣ አይታመምም፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ዕንቍላሉ ከውሻው ዐይነ ምድር ጋር በግጦሽ ሣር፣ በምንጭ ዳር፣ በጓሮው ጎመን ላይ ይበተናል፤ በፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። በጉ ከሣሩ ጋር ሲበላው ያው ከረጢት ተመልሶ በሳንባው ይወጣል። ውሻውን ሲደባብስ ውሎ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቈርስ ልጅም ዕንቍላሉን ይውጠዋል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና እንጂ በሌላ አይወጣም።

በጎቻችሁን የሚይዘው አዙሪትም የዚሁ ዘመድ ነው። በጉ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ በአንድ ስፍራ እየዞረ ከመንጋው ይለያል፤ ምክንያቱ በአንጎሉ ውስጥ ያደገ የውኃ ከረጢት ነው። እንዲህ ያለው በግ ሲታረድ ጭንቅላቱን ለውሻ የሰጠ ሰው የሚመጣውን ዓመት አዙሪት በገዛ እጁ ዘርቷል ማለት ነው።

ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት፣ የአዙሪት በግንም ጭንቅላት አቃጥሉት፤ አለዚያ ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩትና ድንጋይ ጫኑበት። ደኅና የሚመስለውንም ሳንባ በጥሬው አትስጡ። በትንንሹ ቈራርጣችሁ ግማሽ ሰዓት በሚፈላ ውኃ ከቀቀላችሁት ግን ዘሩ ይሞታል፤ ለውሻውም ያማረ እራት ይሆንለታል። ለዚህ አንድ አሮጌ ድስት መለየት ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት በውሻው አንጀት ያለውን ትል ይገድላል። መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሚለካ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ፤ ለከብት የተገዛውን መድኃኒት በግምት ማጠጣት ውሻውን ሊገድለው ይችላል።

ቡችላውን ማሠልጠን

ቡችላ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ሦስተኛ ወሩ መጨረሻ ድረስ ያየውንና የለመደውን ሁሉ ዕድሜውን በሙሉ አይፈራውም፤ አያጠቃውምም። በዚህ ጊዜ በጉን፣ አህያውን፣ ዶሮዋን፣ ሕፃናቱንና እንግዳውን ይልመድ። ከጫጩቶች ጋር ስታገናኙት በገመድ ያዙት፤ ሲያሳድድ በአጭር ቃል ከልክሉት፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጉርሻ ስጡት።

ስም አውጡለት፤ በምግብ ሰዓትም በስሙ ጥሩት። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዐይነት ቃል ይጠቀም፤ አባት «ና»፣ ልጅ «እንካ»፣ እናት «ቱር» ካሉት ቡችላው ምን ይማር? ተጠርቶ ሲመጣ ከቶ አይመታ። ትናንት ቆዳ ሰረቀ ተብሎ ዛሬ የተገረፈ ውሻ የሚማረው ጌታውን መሸሽ ብቻ ነው፤ ስለ ቆዳው የሚያስታውሰው የለም።

ቀን ማሰርና ሌሊት መፍታት የቆየ ልማድ ነው፤ መጥፎም አይደለም። ነገር ግን ገመዱ ረጅም ይሁን፤ ጥላና ውኃ የሚደርስበት ስፍራም ይሁን። ዕድሜውን በአጭር ሰንሰለት ያሳለፈ ውሻ በተፈታ ቀን የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን ውኃ የምትቀዳውን ልጅ ነው። ኀይለኛ ይሆናል በማለት የቡችላን ጆሮ የሚቈርጡም አሉ። ይህ ከሥቃይና ከቍስል በቀር የሚሰጠው ነገር የለም፤ የውሻ ድፍረት በጆሮው አይደለም።

ወደ ገበሬ ቤት የምትሄዱ የልማት ሠራተኞችም ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ሳትሉ አትግቡ። ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ዐይኑን ትኵር ብላችሁ አትመልከቱ፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ።

የእብድ ውሻ በሽታ

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በሽታው በምራቅ ይተላለፋል፤ በነከሰውም ስፍራ ገብቶ በጅማት በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ በሰው ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም በሳምንት፣ አንዳንዴም በዓመት። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከዚያ በፊት በጊዜ የተከተበ ሰው ግን ይድናል። እንግዲህ በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ሰው የተነከሰበትና ጤና ጣቢያ የደረሰበት ጊዜ ነው።

ያበደ ውሻ ሁሉ እየሮጠ የሚናከስ አይምሰላችሁ። ገር የነበረው ያለ ምክንያት ይናከሳል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ ለሐጩ ይዝረከረካል። ሌላው ደግሞ ዝም ይላል፤ ጨለማ ስፍራ ይሸሸጋል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን ያየ ባለቤት «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን በአፉ ይከታል። ያበደች ላምም እንዲሁ እየጮኸች ለሐጭ ታዝረበርባለች፤ ድንች ያነቃት ይመስላል። እንዲህ ባለ ጊዜ እጃችሁን ወደ አፍ አትስደዱ፤ ባለሙያ ጥሩ።

ሰው ሲነከስ ወይም ሲቧጨር፣ ቍስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ እዚያው በዚያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡት። ቅቤ፣ አመድ፣ በርበሬ ወይም የቅጠል ጭማቂ አታድርጉበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ክትባቱ አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በተሰጠው ቀጠሮ ሁሉ መመላለስ ግድ ነው። ወደ ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ክትባቱን ግን አስቀድሞ ይጀምር። ጠበሉ ነገም አለ፤ ክትባቱ ግን ጊዜው ካለፈበት አያገለግልም።

የነከሰው ውሻ ያለ አደጋ ሊታሰር የሚችል ከሆነ ቶሎ አትግደሉት። ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደኅና ሆኖ ከቆየ በነከሰ ጊዜ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ይህም ሲባል የተነከሰው ሰው 10 ቀን ይጠብቅ ማለት አይደለም፤ ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመር። መግደል የግድ ቢሆንም ጭንቅላቱን አትምቱ፤ የሚመረመረው አንጎሉ ነውና።

መከላከያው ውሻን መከተብ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በአንድ አገር ከሚገኙት 100 ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። አንዱ ገበሬ ብቻውን ቢያስከትብ ጥቅሙ ከቤቱ አያልፍም፤ ቀበሌው በሙሉ ቢያስከትብ ግን በሽታው መንገድ ያጣል። ውሾችን በመርዝ መፍጀት ግን ይህን ውጤት አያመጣም፤ በሞቱት ስፍራ ያልተከተቡ ሌሎች ይተካሉ፤ መርዙም አሞራውን ይጨርሳል። የማይፈለግ ቡችላ እንዳይበዛ ማኮላሸት ይሻላል።

በባሌና በሰሜን ተራሮች ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይህን በሽታ የሚወስደው ከእረኛ ውሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል። ቀይ ቀበሮ የሚበላው አይጥና ፍልፈል ስለ ሆነ ለገብስ ማሳ ባላጋራ አይደለም። ወደ ግጦሽ ስትወጡ ያልተከተበ ውሻ አታስከትሉ።

የክትባት ቀን በቀበሌው ሲነገር ውሻውን ልጅ አይያዘው፤ ውሻው የሚያውቀውና የሚታዘዝለት አዋቂ በጠንካራ ገመድ ይዞት ይምጣ። አፉን በጨርቅ ጥለት ማሰር ለከታቢው ጥሩ ነው፤ ይህንንም ከሳምንት በፊት በቤት ጥቂት ጥቂት አለማምዱት። ቡችሎችን በቅርጫት አምጡ። ብዙ ውሻ በአንድ ዛፍ ሥር ከተሰበሰበ ስለሚጣላ ተራራቁ፤ የልማት ሠራተኛውም ጎጡን በጎጥ በተለያየ ሰዓት ይጥራ። የሚሰጣችሁን ወረቀት ከግብር ደረሰኙ ጋር አስቀምጡ፤ ውሻው ሰው የነከሰ እንደ ሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።