ባልና ሚስት አብረው ሲነግዱ ታክሱ በማን ስም ይሞላ?

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ባለትዳሮች የእንጀራ ሥራ፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት በጋራ ከፍተው ይሠራሉ። ሚስት ሌሊት ተነሥታ ትጋግራለች፤ ባል በየሱቁ ያደርሳል። የታክስ ወቅት ሲደርስ ግን ገቢው በሙሉ በባል ስም ብቻ ይሞላል። «ገንዘቡ ያው የአንድ ቤት ነው፤ ምን ለውጥ አለው?» ትሉ ይሆናል። ትልቅ ለውጥ አለው።

ከግል ሥራው በዓመት 400 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያተርፍ ሰው ከገቢ ግብር ሌላ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ይከፍላል። ይህም ለሶሻል ሴኪዩሪቲ 12.4፣ ለሜዲኬር 2.9፣ በድምሩ 15.3 በመቶ ሲሆን፣ የሚሰላው በተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶ ላይ ነው። ክፍያው የሚመዘገበው በቅጹ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ብቻ ነው።

በራስ መዝገብ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት ያህል ሥራ ያስፈልጋል። ክሬዲት የሌላት ሚስት በባሏ መዝገብ የጡረታውን እስከ ግማሽ ልታገኝ ትችላለች። ነገር ግን ታማ ከሥራ ብትወጣ የአካል ጉዳት አበል በባሏ መዝገብ አይሰጣትም። እርሷ ብትሞትም ትንንሽ ልጆቿ በእናታቸው መዝገብ የሚያገኙት አይኖርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. ከ2007 የግብር ዓመት ጀምሮ ሕጉ ቀላል መንገድ ከፍቷል። የሥራው ባለቤቶች ሁለታችሁ ብቻ ከሆናችሁ፣ ሁለታችሁም በእርግጥ የምትሠሩበት ከሆነና ታክሳችሁን በጋራ የምትሞሉ ከሆነ፣ ተስማምታችሁ የሽርክናውን ፎርም 1065 መተው ትችላላችሁ። በምትኩ እያንዳንዳችሁ በድርሻችሁ የየራሳችሁን ስኬጁል ሲ እና ስኬጁል ኤስ ኢ ትሞላላችሁ።

«ታክሱ አይጨምርም ወይ?» ለሚል፦ የተጣራ ትርፋችሁ 60,000 ዶላር ነው እንበል። በአንድ ስም ሲሞላ ታክሱ ወደ 8,478 ዶላር ነው። እኩል ሲካፈል እያንዳንዳችሁ ወደ 4,239 ትከፍላላችሁ፤ ድምሩ ያው ነው። የሚጨምረው ትርፉ ከሶሻል ሴኪዩሪቲ ዓመታዊ ጣሪያ በላይ ሲሆን ነው።

ሥራችሁ ኤልኤልሲ ከሆነ ይህ መንገድ አይፈቀድም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፎርም 1065 ይሞላል። እንደ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ባሉ የጋራ ንብረት ሕግ ባላቸው ግዛቶች ግን የተለየ ደንብ ስላለ ባለሙያ ጠይቁ። ክፍፍሉም እውነተኛውን ድርሻ የተከተለ ይሁን፤ የማይሠራን ሰው ስም ማስገባት አይገባም።

እንግዲህ ታክስ ከማሠራታችሁ በፊት ሁለታችሁም የሶሻል ሴኪዩሪቲ መዝገባችሁን ተመልከቱ። የአንዳችሁ ዓመታት ባዶ ሆነው ከተገኙ፣ ጉዳዩን ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ዘንድሮውኑ ንገሩት።