33 ነጥብ ምን ይነግረናል? የአንድ ወጣት ተጫዋች የአንድ ቀን ቁጥሮች በስታቲስቲክስ ዓይን

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1998 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከ19 ዓመት ያልበለጠ ወጣቶች የተሰለፉባቸው ሁለት የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ተገናኙ። አንደኛው የአሜሪካ ምርጥ ወጣቶች ስብስብ ሲሆን ሌላው ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጣ የዓለም ምርጥ ቡድን ነበር። ናይኪ ሁፕ ሰሚት በመባል የሚታወቀው ይህ ዓለም አቀፍ ጨዋታ በዓለም ምርጥ ቡድን 104 ለ99 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ከአሸናፊዎቹ መካከል፣ በአገሩ በጀርመን በሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረው የ19 ዓመቱ ዲርክ ኖቪትስኪ ብቻውን 33 ነጥብ አስቆጠረ፤ 14 ሪባውንድ ያዘ፤ 3 ጊዜም ኳስ ነጠቀ። ከሦስት ወራት ገደማ በኋላ በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ሊግ በኤን ቢ ኤ የተጫዋቾች ምርጫ 9ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ወዲያውኑም ወደ ዳላስ ማቬሪክስ ቡድን ተዛወረ።

ለመሆኑ ከአንድ ጨዋታ የተገኙ ጥቂት ቁጥሮች ስለ አንድ ወጣት ችሎታና ስለ ወደፊት ዕጣው ምን ያህል ሊናገሩ ይችላሉ? ጥያቄው የስፖርት አሠልጣኞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአንድ ቀን መለኪያ በሰው ላይ ፍርድ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የሚነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የኖቪትስኪን የዕለቱን መዝገብ መነሻ አድርገን ማንኛውም ቁጥር ሊቀርብለት የሚገባውን ሦስት ጥያቄ እንመለከታለን።

ከስንት ሙከራ?

33 በራሱ ድምር ብቻ ነው። በ20 ሙከራ 33 ነጥብ ያገኘና በ40 ሙከራ 33 ነጥብ ያገኘ ተጫዋች በመዝገቡ የነጥብ ዓምድ እኩል ሆነው ይታያሉ፤ ለቡድናቸው ያስገኙት ጥቅም ግን እኩል አይደለም። በመሆኑም ላዕሉን ብቻ ሳይሆን ታህቱንም መጠየቅ ግድ ይላል።

ኖቪትስኪ በጨዋታ እንቅስቃሴ ላይ 12 ጊዜ ወርውሮ 6ቱን አገባ። ጥፋት ሲፈጸምበት ከተሰጡት 23 ነጻ ውርወራዎች ደግሞ 19ኙን አስቆጠረ። ከ33ቱ ነጥብ 19ኙ የነጻ ውርወራ ከሆነ ቀሪው 14 ነጥብ የተገኘው ከ6ቱ ቅርጫቶች ነው ማለት ነው። እነዚህ ሁሉም ባለ 2 ነጥብ ቢሆኑ 12 ብቻ ያስገኙ ስለነበር፣ ሁለቱ ባለ 3 ነጥብ እንደነበሩ በቀላል ሒሳብ እንደርስበታለን።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ነጻ ውርወራንና መደበኛ ውርወራን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ ነጻ ውርወራን በ0.44 ያበዛሉ። ነጻ ውርወራ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ ስለሚሰጥ አንዱ የግማሽ ሙከራ ያህል ይቆጠራል፤ ኳስ ካገባ በኋላ ተጨማሪ አንድ ውርወራ የሚሰጥበት አጋጣሚ በመኖሩ ግን ቁጥሩ ከግማሽ ጥቂት ዝቅ ይላል። በዚህ ስሌት 23ቱ ነጻ ውርወራዎች ከ10.1 ሙከራ ጋር ይመጣጠናሉ። ከ12ቱ ጋር ሲደመሩ 22.1 ይሆናሉ፤ 33 ለ22.1 ሲካፈልም በአንድ ሙከራ 1.49 ነጥብ እናገኛለን። ከሁለት ባለ 2 ነጥብ ውርወራ አንዱን የሚያገባ ተጫዋች በአንድ ሙከራ የሚያገኘው 1 ነጥብ መሆኑን ስናስብ፣ የወጣቱ የዚያ ዕለት ብቃት ከድምሩ ይልቅ በዚህ ንጽጽር ጎልቶ ይታያል።

ከስንት ጊዜ?

ሁለተኛው ጥያቄ የናሙናን መጠን የሚመለከት ነው። ከ23 ነጻ ውርወራ 19ኙን ማግባት 82.6 በመቶ ነው። ይህ የተጫዋቹ እውነተኛ ችሎታ ነው ብለን መናገር እንችላለን?

የይሆናልነት ስሌት መልሱን በልክ እንድንሰጥ ይረዳናል። 0.826ን በ0.174 አባዝተን፣ ውጤቱን ለ23 አካፍለን፣ ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 0.079 እናገኛለን፤ ይህም መደበኛ ስህተት ይባላል። የዚህን እጥፍ ያህል ወደ ታችና ወደ ላይ ስንሄድ እውነተኛው ችሎታ ከ67 እስከ 98 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል እንረዳለን። 67 በመቶ የሚያገባ ተጫዋች መካከለኛ ነው፤ 98 በመቶ የሚያገባ ግን በታሪክ ተወዳዳሪ የሌለው ነው። የአንዱ ቀን መዝገብ እነዚህን ሁለት እጅግ የተራራቁ ሰዎች መለየት አልቻለም።

ኖቪትስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ በኤን ቢ ኤ መደበኛ ውድድሮች ከ8,000 በላይ ነጻ ውርወራ ወርውሮ 88 በመቶ ያህሉን አግብቷል። በዚህ ትልቅ ናሙና የስሕተቱ ክልል ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። የሚሞከረው ቁጥር ሲያድግ የምናውቀው ነገር እየጠራ ይሄዳል፤ ይሁንና የጥራቱ ፍጥነት የሙከራውን ብዛት ስኩዌር ሩት የሚከተል በመሆኑ ስሕተትን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን በአራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ወጥመድ አለ። እኛ ይህን ጨዋታ የምናስታውሰው ውጤቱ ያልተለመደ ስለነበረ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያጠና እንዳሳየው፣ ከአማካይ በጣም የራቀ ልኬት ቀጥሎ በሚመጣው ልኬት ወደ አማካይ የመጠጋት ዝንባሌ አለው። ኖቪትስኪም በመጀመሪያው የኤን ቢ ኤ ዓመት በ47 ጨዋታ በአማካይ 8.2 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ፤ ከ68 ባለ 3 ነጥብ ሙከራዎችም 14ቱን ብቻ አገባ። እርግጥ ተጋጣሚዎቹም ከወጣቶቹ እጅግ የጠነከሩ ነበሩ። በ33ቱ ነጥብ የተደነቀ ሰው በዚያ ዓመት ቅር መሰኘቱ አይቀርም፤ በ8.2 ተስፋ የቆረጠም የባሰ ተሳስቷል። ይኸው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2007 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በ2011 ቡድኑን ለሻምፒዮንነት አበቃ፤ በ21 የውድድር ዘመንም 31,560 ነጥብ አስመዘገበ።

በምን ምክንያት?

ሦስተኛው ጥያቄ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ምክንያት ይፈልጋል። የኖቪትስኪ አሠልጣኝ ሆልገር ጌሽቪንድነር በወጣትነቱ ለምዕራብ ጀርመን ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ፣ ሒሳብና ፊዚክስንም ያጠና ሰው ነው። የተማሪውን አወራወር ያነጸውም ኳሱ በአየር ላይ የሚሠራውን ቅስት በስሌት በመመርመር ነበር።

ነገሩን ራሳችን ልናሰላው እንችላለን። የቀለበቱ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር፣ የኳሱ ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ኳሱ ቀጥታ ከላይ ቢወርድ ሙሉው 45 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሆንለታል። ከአግድም መሥመር በ45 ዲግሪ ማዕዘን ከመጣ የሚጠብቀው ክፍተት 45 በሳይን 45 ሲባዛ ይገኛል፤ ይኸውም 31.8 ሴንቲ ሜትር ነው። በ30 ዲግሪ ሲመጣ ክፍተቱ ወደ 22.5 ስለሚጠብብ ኳሱ የቀለበቱን ጠርዝ ሳይነካ ሊያልፍ አይችልም። ከፍ ያለ ቅስት ለስሕተት ሰፊ ቦታ ይተዋል፤ ሆኖም ቅስቱ ከልክ በላይ ከፍ ካለ የሚጠይቀው ጉልበት ስለሚበዛ መቆጣጠር ያዳግታል። በነጻ ውርወራ ጊዜ ርቀቱ አይለወጥም፤ የሚከላከልም የለም። ስለዚህ ከጨዋታው ክንውኖች ሁሉ ለቤተ ሙከራ የሚቀርበው እርሱ ነው። ከዕለቱ ቁጥሮችም ወደ ፊት አብሮት ሊዘልቅ የሚችለው በዚህ ዓይነት ልምምድ ላይ የቆመው ክፍል ነበር።

በመጨረሻም መዝገቡ የማይጽፈውን መዘንጋት አይገባም። ተከላካዩ በትክክለኛው ቦታ በመቆሙ ሳይወረወር የቀረ ኳስ በየትኛውም ዓምድ አይገባም። እንግዲህ ስለ አንድ ወጣት የቀረበልንን ቁጥር፣ የጨዋታ ነጥብም ሆነ የአንድ ቀን የፈተና ውጤት፣ ከስንት ሙከራ፣ ከስንት ጊዜ፣ በምን ምክንያት ብለን እንጠይቀው። መልስ የሌለው ከሆነ ቁጥሩ የሚነግረን ያ ቀን እንዴት እንዳለፈ እንጂ ወጣቱ ማን እንደሆነ አይደለም።