በአይሮፕላን ማረፊያ ፍተሻን በቶሎ ስለ ማለፍ

ለዘመድ የሚሰጥ አንድ ማሰሮ ማርና አንድ ቆርቆሮ ቅቤ በእጅ ቦርሳው የያዘ፣ ፓስፖርቱን ከሻንጣው ሥር የቀበረ፣ ቀበቶውንና ሳንቲሙን ሳያወልቅ ወደ ፍተሻው በር የሚራመድ መንገደኛ ቢኖር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። በሩ ይጮኻል፤ ቦርሳው ይከፈታል፤ ማሩ ይወሰዳል፤ ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ ያጉረመርማል። መንገደኛው ግን ብዙ ጊዜ «ፈታሹ አስቸገረኝ» እንጂ «ፍተሻው እንዴት እንደሚሠራ ባለማወቄ ዘገየሁ» አይልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፍተሻውን ምክንያትና አሠራር ማስረዳት ነው። አሠራሩን ያወቀ ሰው በቶሎ ያልፋልና።

ለምሳሌነት የመረጥነው ካርቱምን ነው። በካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖረዋል። በተለይም ከ1974 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት ዓመታት ቁጥራቸው የበዛ ስደተኞች ወደ ሱዳን ገብተው፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በካርቱም አይሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል። ለብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያው የአይሮፕላን ፍተሻ እዚያ ያዩት ነበር። ቋንቋውም ቢሆን ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዐረቦች ፍተሻን «ተፍቲሽ»፣ ሻንጣን «ሸንጣ» ይላሉ። ፓስፖርት ግን «ጀዋዝ» ነው።

ፍተሻ ለምን አስፈለገ?

የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ መንገደኛ ወደ አይሮፕላን የሚገባው እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ነበር። ልማዱን የለወጠው የአይሮፕላን ጠለፋ መብዛት ነው። በአገራችን በታኅሣሥ 8 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 አይሮፕላን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነበሩበት የሰባት ሰዎች ቡድን የጠለፋ ሙከራ ተደርጎበት፣ በአየር ላይ ተኩስ ከመከፈቱም በላይ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ነበር። አይሮፕላኑ ተጎድቶም ቢሆን አዲስ አበባ ተመልሶ አረፈ። በቀጣዩ ወር፣ በጥር 1973፣ አሜሪካ ማንኛውም መንገደኛ ሳይፈተሽ እንዳይሳፈር አዘዘች። በ1974 ደግሞ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ ጥበቃ የሚናገረውን 17ኛ አባሪ ደንብ አጸደቀ።

ካርቱምም ከዚህ አላመለጠችም። በነሐሴ 1996 እ.ኤ.አ. ከካርቱም ወደ አማን ይበር የነበረ የሱዳን አየር መንገድ አይሮፕላን በኢራቃውያን ተጠልፎ፣ በቆጵሮስ በኩል እስከ ለንደን አጠገብ ድረስ ተወስዷል። እዚያ ጠላፊዎቹ እጃቸውን ሰጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር 23 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ስለዚህ በሰልፍ ላይ የምናጠፋው ጊዜ ዋጋ ያለው ነገር ለመጠበቅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

መሣሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

የመጀመሪያው ሰው የሚያልፍበት በር ነው። በበሩ ውስጥ የሽቦ ጥቅልሎች አሉ። በእነርሱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ይፈጥራል። ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው፣ ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ በኤሌክትሪክ አስተላላፊ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ያም ኤሌክትሪክ በተራው የራሱን የማግኔት መስክ ስለሚፈጥር መሣሪያው ለውጡን አውቆ ይጮኻል። ከዚህ የምንረዳው ብረት ብቻ ሳይሆን ወርቅም፣ ብርም፣ መዳብም በሩን ሊያስጮኹ እንደሚችሉ ነው። በሩ ራጅ አይደለም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ራጅ ይነካኛል ብላ በእርሱ ማለፍን የምትፈራበት ምክንያት የለም። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በደረቱ የተተከለለት ሰው ግን አስቀድሞ ለፈታሹ መንገር አለበት።

ሁለተኛው ሻንጣ የሚያልፍበት የራጅ መሣሪያ ነው። ራጅ ጥቅጥቅ ባለና የአተሙ ቁጥር ከፍ ባለ ነገር ሲያልፍ ይደክማል። መሣሪያው በሁለት የተለያየ ጉልበት ያላቸውን ጨረሮች እያነጻጸረ ለፈታሹ ቀለም ያሳየዋል። ብረታ ብረት ሰማያዊ፣ ምግብ፣ ወረቀት፣ ጨርቅና ፕላስቲክ ብርቱካናማ፣ በመካከል ያሉት ደግሞ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ፈንጂዎችም ብርቱካናማ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ማርም፣ ቅቤም፣ ተደራርበው የታሰሩ ሃምሳ የተማሪ ደብተሮችም በመስኮቱ ላይ ወፍራም ብርቱካናማ ግንድ ይመስላሉ። ፈታሹ ቦርሳውን የሚያስከፍተው መምህሩን ስለ ጠረጠረ ሳይሆን የሚያየውን መለየት ስላልቻለ ነው።

የጊዜው ሒሳብ

180 መንገደኞች በአንድ መስመር ተሰለፉ እንበል። እያንዳንዱ መንገደኛ 20 ሴኮንድ ቢፈጅ ሁሉም በ3,600 ሴኮንድ፣ ማለትም በ1 ሰዓት ያልቃሉ። ነገር ግን ከአሥሩ የአንዱ ቦርሳ ቢከፈትና መስመሩ ለ3 ደቂቃ ቢቆም፣ 18 ጊዜ 3 ደቂቃ 54 ደቂቃ ይሆናል። ጠቅላላው ጊዜ ወደ 1 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ከፍ ይላል። የሚከፈተው ቦርሳ ከሃያው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ 27 ደቂቃ ይተርፋል። እንግዲህ ሰልፉን የሚያረዝመው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የጥቂቶች አለመዘጋጀት ነው። አንድ ሰው በደንብ ቢዘጋጅ የሚጠቅመው ራሱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውን ሁሉ ነው።

መንገደኛው ምን ማድረግ አለበት?

አንደኛ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ዘይትና ሽቶ በእጅ ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ይሁኑ። በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. በለንደን በፈሳሽ ፈንጂ አይሮፕላኖችን ለማጥፋት የታቀደ ሤራ ከተደረሰበት በኋላ፣ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በእያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ በብዙ አገሮች ተደንግጓል። ማርና ለጋ ቅቤም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። በአዳዲስ መሣሪያዎች ደንቡን ያላሉ ማረፊያዎች ቢኖሩም በጉዞው ላይ ያለው እያንዳንዱ ማረፊያ እንደዚያ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ በርበሬ፣ ሽሮና በሶም እንዲሁ በሚጫነው ሻንጣ ቢሆኑ ይሻላል። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ከ2018 ጀምሮ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግበታል።

ሦስተኛ፣ ደብተርና መጻሕፍት አይቆለሉ፤ ተዘርግተው ይቀመጡ፤ ወይም ወጥተው ለብቻቸው በመሣሪያው ይለፉ። ኮምፒዩተርም ሌላውን ዕቃ ስለሚሸፍን አውጡ ሲባል ቶሎ እንዲወጣ ከላይ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የስልክ ባትሪ መሙያ ባትሪዎች በተቃራኒው በእጅ ይያዙ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይግቡ። የሊቲየም ባትሪ እሳት ቢያነሣ ሰው ባለበት ቦታ ማጥፋት ይቻላልና።

አምስተኛ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ሰዓትና ቀበቶ ተራው ሳይደርስ ወልቀው በኮት ኪስ ወይም በቦርሳ ይግቡ። ፓስፖርቱና ቲኬቱ በእጅ ይሁኑ።

ስድስተኛ፣ የሰው ዕቃ ያለ ምርመራ አይቀበሉ። «ይህን ለእህቴ አድርስልኝ» ሲባል እምቢ ማለት በባህላችን ቢከብድም፣ ከፍቶ ማየት ነውር አይደለም። በቦርሳው ውስጥ ለተገኘው ሁሉ የሚጠየቀው ተሸካሚው ነው።

የአገሩንም ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በሱዳን ከመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልኮል ተከልክሎ ኖሯል። በ2020 ሙስሊም ላልሆኑት ቢፈቀድም፣ በእነዚያ ዓመታት አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዞ ካርቱም የወረደ ሰው ችግር ይጠብቀው ነበር። በዚያ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ደግሞ ለመውጣት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገው ስለ ነበር፣ ሻንጣው ያለ ችግር አልፎ ወረቀቱ ያልተሟላ መንገደኛ በረራው ሊያመልጠው ይችል ነበር።

ፍተሻ የማይመልሰው አደጋ

ፍተሻ ሁሉን አይመልስም። በሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ በከተማው መካከል የሚገኘው የካርቱም አይሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ሆነ። ለመነሣት ሲዘጋጅ የነበረ የሳዑዲ ዐረቢያ አይሮፕላን በተኩስ ተመታ። ማረፊያው ተዘጋ። ብዙ ኢትዮጵያውያንም ቲኬትና ሰልፍ በሌለበት፣ በየብስ እስከ ጋላባትና መተማ ተጉዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ጦሩ ማረፊያውን በመጋቢት 2025 መልሶ ያዘ፤ በጥቅምት 2025ም የአገር ውስጥ በረራ እንዲቀጥል ተወስኖ ነበር። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ከጉዞው በፊት የወቅቱን ሁኔታ ከአየር መንገዱ ያረጋግጥ።

ያንን የመተማ መንገድ በእግርና በጭነት መኪና ያለፈ ሰው፣ በሰላም ጊዜ በሰልፍ ቆሞ ቀበቶ ማውለቅ ትንሽ ነገር መሆኑን ያውቃል።

ለክፍል ሥራ

1. በአንድ መስመር 240 መንገደኞች ቢኖሩ፣ እያንዳንዱ 15 ሴኮንድ ቢፈጅና ከስምንቱ የአንዱ ቦርሳ ተከፍቶ መስመሩ ለ2 ደቂቃ ቢቆም፣ ጠቅላላው ጊዜ ስንት ይሆናል?

2. የወርቅ ቀለበት በማግኔት አይሳብም። ታዲያ የፍተሻውን በር ሊያስጮኽ የሚችለው ለምንድን ነው?

3. አንድ ኪሎ ማርና አንድ ኪሎ ምስማር በራጅ መስኮት ላይ በምን ቀለም ይታያሉ? ምክንያቱስ ምንድን ነው?