ከመጋዘን ትርፍራፊ የሚሠራ የልጆች መጫወቻ
ለበዓል ስጦታ ሣጥን ለሚያዋጡ የንግድ ቤቶች የቀረበ ምክር

የዓመት በዓል ሲቃረብ፥ በተለይም በእንቁጣጣሽና በገና ዋዜማ፥ የንግድ ቤቶች ለሕፃናት ማሳደጊያዎችና ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ስጦታ መላካቸው በከተሞቻችን የተለመደ በጎ ሥራ ነው። በሚላከው ሣጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዘይት፥ ዱቄት፥ ሳሙና፥ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። የእነዚህን አስፈላጊነት የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ዘይቱንና ዱቄቱን ተረክባ ወደ ማድ ቤት የምታስገባው ሞግዚቲቱ ናት፤ ሳሙናውም የሚሰጠው በተራ ነው። ልጁ ራሱ በእጁ ጨብጦ «ይህ የእኔ ነው» የሚለው ነገር ከሣጥኑ ውስጥ ሲጐድል ይታያል።

የመጉደሉ ምክንያት ንፍገት አይደለም። መጫወቻ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ይከብዳል፤ ለ50 ወይም ለ100 ልጅ ገዝቶ ማደል ለመካከለኛ ነጋዴ ቀላል ወጪ አይሆንም። በርካሽ የሚገኘውም በሁለተኛው ቀን የሚሰበር ነው። ነገር ግን ለጥሩ መጫወቻ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ በየነጋዴው መጋዘን ጥግ ተጥሎ፥ ጠራጊ እስኪያወጣው ድረስ የሚጠብቅ መሆኑን ያስተዋሉ ጥቂቶች ናቸው።

መጫወቻ ለልጅ ቅንጦት አይደለም

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1989 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ፥ ልጅ ሁሉ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ልጅ ያሳደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሕፃን በኳስ እጁንና ዓይኑን ያስማማል፤ በአሻንጉሊት አነጋገርንና ርኅራኄን ይለማመዳል፤ በዳማና በገበጣ መቁጠርን፥ ማሰብንና ተራ መጠበቅን ይማራል።

በማሳደጊያ ቤት ለሚኖር ልጅ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። አልጋው፥ ሳሕኑ፥ ብርድ ልብሱ፥ አንዳንዴም ልብሱ ሳይቀር የጋራ ነው። ስለዚህ የግሉ የሆነች አንዲት ትንሽ ነገር ከዋጋዋ እጅግ የበለጠ ክብር አላት።

ታላላቆቹ ከምን ጀመሩ

በዓለም ገበያ ስማቸው የገነነ የመጫወቻ ፋብሪካዎች አጀማመር ሲመረመር፥ ብዙዎቹ ከቁርጥራጭ የተነሡ ሆነው ይገኛሉ። በልጅነቷ በፖሊዮ ታማ በተሽከርካሪ ወንበር ትሄድ የነበረችው ጀርመናዊት ልብስ ሰፊ ማርጋሬተ ሽታይፍ በ1880 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠራችው የጨርቅ ዝሆን መርፌ መሰኪያ ይሆናል ተብሎ የታሰበ ነበር፤ ልጆች ግን ለጨዋታ ወሰዱት፥ የንግድ ቤቷም በዚሁ መንገድ አደገ። ሌላይቱ ጀርመናዊት ኬተ ክሩዘ በ1905 እ.ኤ.አ. ለሴት ልጇ የሠራችው የመጀመሪያ አሻንጉሊት፥ ሰውነቱ አሸዋ የተሞላ ፎጣ፥ ራሱም ድንች ነበር። በዴንማርክ የቢሉን ከተማ አናጢ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን ደግሞ በ1932 እ.ኤ.አ. የዓለም ንግድ በወደቀበት ወራት የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ሌጎ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ከዚያ የመጣ ነው።

ለበጎ አድራጎት የሚሆነውም ምሳሌ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ከተማ የቢል ሄንድሪክስ ባለቤት በእጇ የሠራችውን የጨርቅ አሻንጉሊት ለችግረኛ ልጅ እንዲያደርስላት ለባሏ ሰጠችው። እርሱም ይህን የሚቀበል ድርጅት ፈልጎ ባጣ ጊዜ፥ በእርሷ ምክር፥ ከባሕር ወለድ ጦር የመጠባበቂያ ክፍል ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት 5,000 ያህል መጫወቻ አሰባስቦ አደለ። በተከታዩ ዓመት ሥራው በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፋ። የዚህ ሁሉ መነሻ አንዲት በቤት የተሰፋች አሻንጉሊት ናት።

ጥሬ ዕቃው በየሱቁ

ከዚህ የሚከተለው ዝርዝር እያንዳንዱ ነጋዴ ከራሱ ዘርፍ ሊያዋጣ የሚችለውን ያመለክታል።

ጨርቅ ነጋዴና ልብስ ሰፊ፦ የጣቃ ጫፍ፥ የመቀስ ቁርጥራጭ፥ የተረፈ ክርና ያለቀ የክር መጠቅለያ።

ጣውላ ቤትና የቤት ዕቃ ሠሪ፦ ለምንም የማይበቃ ቁራጭ እንጨት። ይህ ለማገዶ የሚሰጠው ሁሉ ለልጅ ወርቅ ነው።

ግሮሰሪና ሆቴል፦ ቆርኪ፥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን፥ ጠንካራ ካርቶን።

ጫማ ሠሪ፦ የቆዳ ቅዳጅና የሶል ቁራጭ፤ ከሶሉ የመኪና ጎማ ይቀረጻል።

ቡና ላኪ፦ የተቀደደ የቃጫ ጆንያ፤ ታጥቦ ለስጦታ ከረጢት ይሆናል።

የመኪና ዕቃ ነጋዴ፦ ያረጀ ካላማዳሪ፤ በቀጭኑ ተቆርጦ እንደ ላስቲክ ማሰሪያ ያገለግላል።

ማተሚያ ቤት፦ ንጹሕ የወረቀትና የካርቶን ቁራጭ።

እነዚህ ነጋዴዎች በአንድ መንገድ ጐረቤታሞች ሆነው ሳለ አንዱ የሌላውን ትርፍራፊ አያውቅም። አንድ ሰው አስተባባሪ ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ቢሰበስበው፥ በወር ጊዜ ለብዙ ሣጥን የሚበቃ ዕቃ ይከማቻል። የጐደለ ቢኖር መርካቶ ምን አለሽ ተራ ወርዶ መፈለግ ነው።

አምስት መጫወቻዎችና አሠራራቸው

፩ኛ፤ የጨርቅ ኳስ። የማይለበስ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ አፉ በክር ይጠበቃል፤ ካልሲው ተገልብጦ ደግሞ ይታሰራል። ከላይ በሲባጎ እንደ መረብ ተጠምዶ መገጣጠሚያው በመርፌ ይያዛል። ስፋቱ 15 ሣንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ለእግር ይመቻል። ይህን ኳስ በየሰፈሩ ያልሠራ ጐልማሳ ስለሌለ አስተማሪ አያስፈልግም።

፪ኛ፤ አሻንጉሊት። ቁመቱ 30፥ ወርዱ 20 ሣንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ሁለት ተደርጎ የሰው ቅርጽ ይነደፍበታል፤ በውስጥ በኩል ተሰፍቶ ይገለበጣል፤ በትንሽ በትንሽ እየተሞላ ይዘጋል። ዓይኑና አፉ በክር ይጠለፋል እንጂ ቁልፍ አይተከልበትም። ቀሚሱ ከሸማ ጥለት ቁራጭ ቢሆን ልጅቱ የእናትዋን አለባበስ ታይበታለች።

፫ኛ፤ የፊደል ኩብ። ጣውላው በ4 ሣንቲ ሜትር እኩል ተቆርጦ ጠርዙ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ይፈተጋል። በ12 ኩብ ላይ 72 ገጽ ይገኛል፤ ስለዚህ ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33ቱ የግዕዝ ፊደላት ሁለት ሁለት ጊዜ ይጻፉበታል፥ ለሥዕልም 6 ገጽ ይተርፋል። ለትንሹ ልጅ ካብ መካቢያ፥ ለትልቁ ንባብ መማሪያ ይሆናል።

፬ኛ፤ ዳማ። 32 ሣንቲ ሜትር በ32 የሆነ ካርቶን በ8 በ8 ተከፍሎ እያንዳንዱ ቤት 4 ሣንቲ ሜትር ይደረጋል፤ ተራ በተራም ይጠቁራል። ጠጠሩ 24 ቆርኪ ነው፤ አንዱ ተጫዋች 12ቱን በፊቱ፥ ሌላው 12ቱን በጀርባው ያሰልፋል። የቆርኪው 21 ጥርስ እጅ እንዳይቧጥጥ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ይደፈጠጣል። ቆርኪዎቹ በትንሽ ከረጢት ታስረው ከሰሌዳው ጋር ይያያዛሉ።

፭ኛ፤ መኪና። ትንሽ ጠንካራ ካርቶን አካል ይሆናል፤ ከሶል የተቀረጹ አራት ጎማዎች በሁለት ቀጭን እንጨት ላይ ይሰካሉ፤ እንጨቱም በካርቶኑ ቀዳዳ ውስጥ ልል ሆኖ እንዲዞር ይተዋል። ሽቦ የሚያጥፍ ሠራተኛ ካለ ሙሉውን በሽቦ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የሽቦው ጫፍ ሁሉ በፒንሳ ወደ ውስጥ መቀልበስ አለበት፤ ለጐለመሰ ልጅ ብቻም ይሰጣል።

ጊዜ ያጠረው ደግሞ አምስት የለሰለሱ ጠጠሮችን አጥቦ በጨርቅ ከረጢት ቢያኖር የቅልብልቦሽ ጨዋታ ተሰናዳ ማለት ነው።

የማይታለፍ ጥንቃቄ

በጎ ሥራ ልጅን የሚጐዳ ከሆነ በጎ ሥራ አይባልም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች እንደ ሕግ ይያዙ።

አንደኛ፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ የሚችል ትንሽ ነገር አይሰጥ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሠራበት መለኪያ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ነው፤ በዚያ ውስጥ ገጥሞ የሚሰወር ዕቃ ለሕፃን የተከለከለ ነው። ቆርኪ፥ ጠጠር፥ ቁልፍና የጠርሙስ ክዳን ለትልልቆቹ ብቻ ይመደቡ።

ሁለተኛ፤ ቀለም ሲመረጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት የሌለበት መሆኑ ይረጋገጥ። ይህ ብረት የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። በአሜሪካ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጫወቻ ቀለም ላይ የተፈቀደው መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከመጋዘን የተገኘ ስም የለሽ ቆርቆሮ ቀለም ለልጅ መጫወቻ አይነካ፤ እንጨቱን ሳይቀቡ መተው ይሻላል።

ሦስተኛ፤ የማዳበሪያ፥ የፀረ ተባይና የሲሚንቶ ከረጢት ወይም ጣሳ ምንም ያህል ቢታጠብ አይግባ።

አራተኛ፤ ለሕፃን የሚሰጥ መጫወቻ ላይ ረጅም ገመድ አይታሰር፤ አንገት ሊያንቅ ይችላልና።

አምስተኛ፤ ያረጀ ጨርቅ ሁሉ በፈላ ውሃ ይታጠብ፥ በፀሐይ ይድረቅ። የተሰፋው ሁሉ በጐልማሳ እጅ ተጐትቶ ይፈተን፤ የተተረተረው ይመለስ።

ሣጥኑን ስለ ማሰናዳት

ከሁሉ አስቀድሞ ማሳደጊያውን ጠይቆ የልጆቹን ቁጥርና ዕድሜ መያዝ ያስፈልጋል። 40 ልጅ ባለበት ቤት 38 ሣጥን መላክ ሁለት ልጅ ማስለቀስ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሣጥን በትርፍ ማሰናዳት የብልህ ሥራ ነው። ሣጥኖቹ ከ3 ዓመት በታች፥ ከ3 እስከ 6፥ ከ6 በላይ ተብለው በሦስት ተከፍለው በላያቸው ይጻፍባቸው። በየክፍሉ ያለው ስጦታ እኩል ይሁን፤ የአንዱ አሻንጉሊት ባለ ጥለት፥ የሌላው ጥለት አልባ ከሆነ ስጦታው ጠብ ያመጣል።

የስጦታ ሣጥን የማይሸጥ ዕቃ ማራገፊያ አለመሆኑም መታወስ አለበት። ጊዜው ያለፈበት ከረሜላ፥ ለደንበኛ ሊቀርብ የማይችል የደበዘዘ ዕቃ ወደ ችግረኛ ልጅ ሲላክ ልጁ ነገሩን ያውቀዋል። ትርፍራፊ ማለት ንጹሕ ሆኖ ያነሰ ነው፤ የተበላሸ ግን ሌላ ነው። የንግድ ቤቱን ስም ማስተዋወቅ የሚፈልግም ከካርቶኑ ውጭ ይጻፍ እንጂ በአሻንጉሊቷ ደረት ላይ አያትመው።

ስለ ሒሳቡ

ለዚህ ሥራ በገንዘብ የሚወጣው ክር፥ መርፌ፥ ኮላና ብርጭቆ ወረቀት ነው። ትልቁ ወጪ ጉልበት ነው። የሱቅ ሠራተኞች ገበያ በቀዘቀዘበት ሰዓት ኳስና ዳማ ሊሠሩ ይችላሉ፤ አሻንጉሊቱን ግን በሰፈሩ መርፌ ለምታውቅ ሴት ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ ማሠራት ሁለት ጽድቅ በአንድ ጊዜ ነው፤ ልጁም ይደሰታል፥ ሠራተኛይቱም ትጠቀማለች።

የተሰጠው ሁሉ በመዝገብ ይግባ፤ ከተቀባዩም ደረሰኝ ይጠየቅ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጥ ስጦታ ከግብር ከፋዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳይበልጥ በወጪ እንዲያዝ ፈቅዶ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ስለ ተሻሻለ፥ የሒሳብ ሹሙ ዛሬ የሚሠራበትን ድንጋጌ አስቀድሞ መመልከት ይገባዋል።

መጫወቻ አስመጪዎች ደግሞ ይህ ሥራ ገበያችንን ይሻማል ብለው ቢሰጉ ስጋታቸው ከንቱ ነው። ሣጥኑን የሚቀበለው ልጅ ዛሬ የማንም ደንበኛ አይደለም። ይልቁንም በመጫወቻ ያደገ ልጅ ነገ ለልጆቹ መጫወቻ የሚገዛ አባት ይሆናል።

ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን ለመሥራት ገበያ የሚቀዘቅዝባቸው የክረምት ወራት ሐምሌና ነሐሴ የተመቹ ናቸው፤ ለገና የሚሆነውም ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ ቢሰናዳ በጊዜው ይደርሳል። በዋዜማው የሚጀመር ሥራ መገጣጠሚያው ይላላል፥ ቁጥሩም ይጐድላል። ስለሆነም ነጋዴ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ባዶ ካርቶን በመጋዘኑ ጥግ አኑሮ፥ ሊጣል የተነሣውን ንጹሕ ቁራጭ ሁሉ በዚያ ቢያጠራቅም፥ የሥራው ግማሽ ተፈጸመ ማለት ነው።